መኪናዋ ስትገባ የጥገና መጽሐፏም አብሯት ይግባ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዘመናዊ መኪኖች የጥገና መመሪያ፣ የመመርመሪያ መሣሪያና መለዋወጫ ለባለንብረቶችና ለጋራዦች እንዲዳረስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የአንድ ወጣት መካኒክ እጅ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ባለፈው ክረምት በእኔ መኪና ጎማና ፓራፋንጎ መካከል እጁን አስገብቶ ሲሠራ መኪናዋ ድንገት ቁጭ አለችበት። ፈጣሪ ረድቶት እጁን ለጥቂት አወጣ፤ የጣቶቹ ቆዳ ተላጠ እንጂ አጥንቱ ተርፏል። ያን ቀን ያጠፋ ሰው አልነበረም። ልጁ ታታሪ ነው፣ አለቃው ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የጎደለን አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምተዳደረው መኪና በማከራየት ነው። ሦስት መኪኖች አሉኝ፤ ሁለቱ ላንድክሩዘር፣ አንዷ አውሮፓ የተሠራች ቅንጡ ኤስዩቪ። ላንድክሩዘሮቹ ባሌና ላሊበላ ይመላለሳሉ። ቅንጡዋን ለሠርግ፣ ለድርጅት እንግዶችና በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ለሚመጡ ልዑካን አከራያታለሁ። ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም። ጋራዥ ደጅ ስውል የተዋወቅኋቸው የሌላ ሌላ መኪና ባለቤቶች የነገሩኝም የእኔኑ ታሪክ ስለሆነ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ በፊት ግራ እግሯ በኩል እንደ ግመል ተንበርክካ አገኘኋት። ጎማው አልተነፈሰም። ግን ግማሹ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቷል። ሞተሩን ሳስነሳ ከታች የሆነ ነገር እያጉረመረመ ቀስ እያለች ተነሣች። ተሻላት ብዬ ሄድኩ። በማግስቱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መነሣቱንም ተወችው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ቀረ።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙዎቹ በሞላ ወይም በባሌስትራ ፋንታ የሚቀመጡት በአየር ላይ ነው። በየጎማው በኩል ከወፍራም ጎማ የተሠራ ከረጢት አለ፤ አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰር አየር እየሞላች ታቆመዋለች። መንገዱ ላይ ስትሄድ የምትንሳፈፍ የምትመስለው ለዚህ ነው። ከረጢቱ በሚታጠፍበት ቦታ ግን አቧራ ይገባል፤ መኪናዋ በተወዛወዘች ቁጥር አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጎማውን ይፍቀዋል። ውሎ አድሮ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። አየሩ በዚያች ሲያመልጥ ኮምፕረሰሯ እሱን ለመተካት ያለ ዕረፍት ትሠራለች። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ባሕር ዳርቻ ካለች መኪና ይበልጥ መልፋት አለባት። ትግላለች፣ በመጨረሻም ትቃጠላለች። የአየሩን እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያም ይጠግብና ይፈረፈራል፤ ዱቄቱ ሄዶ አየሩን ለየጎማው የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ይደፍናል። አንዲት ስንጥቅ ሦስት ዕቃ ትጨርሳለች ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቃት ሰው ቢያገኛት አንድ ከረጢት ብቻ ነበር የሚቀየረው።

ቁም ነገሩ ያለው በዚህ የጊዜ ልዩነት ላይ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ወኪል ድርጅት ነው። መኪናዋ ከእነሱ እንዳልተገዛች በሻንሲ ቁጥሯ ካዩ በኋላ ተራ እንድጠብቅ ነገሩኝ፤ የጠበቅኩት ተራ ሳይደርስ ኮምፕረሰሯ ተቃጠለች። ከዚያ ወደማውቀው ጋራዥ ወሰድኳት።

የጋራዡን ባለቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ኖረዋል። ኮምፒውተር የላቸውም። ከረጢቱን ከውጭ አየር አስሞልተው በባልዲ ውኃ የልብስ ሳሙና በጠበጡ፣ በቀለም ብሩሽ እየነከሩ ከረጢቱንና ቱቦዎቹን ቀቡ። ከታጠፈችው ቦታ አረፋው እንደ ሽሮ ተንተከተከ። "ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ነው" አሉኝ። አንድም የመመርመሪያ መሣሪያ ሳይነኩ ችግሩን በአሥር ደቂቃ አገኙት። ይህን የማነሣው የመካኒኮቻችን ችሎታ ጎደለ የሚል ሰው ካለ መልስ እንዲሆነው ነው።

ልጁ የተጎዳው በማግስቱ ነው። ቱቦው ከላይ እንዴት እንደሚታሠር ለማየት ደህና ወደሆነው ወደ ቀኙ ጎን ሄደና እጁን ከጎማው በላይ አስገባ። በዚያው ቅጽበት ሌላው ረዳት በሩን ከፍቶ ቁልፉን አዞረ። የመኪናዋ ኮምፒውተር ግራው ወርዶ ቀኙ ከፍ ብሎ አገኘው፤ ግራውን ማንሣት ስላልቻለ ሁለቱን እኩል ለማድረግ የቀኙን አየር ለቀቀ። ፊሽ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ልጁ ጮኸ። ቀሪውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጭ የሚኖር ወንድሜ የዚህችኑ መኪና የጥገና መመሪያ አንድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሲስተሙ በመመርመሪያ ኮምፒውተር እንዲጠፋ፣ አየሩ በሥርዓት እንዲወጣ፣ አካሏ በድጋፍ እንዲቆም፣ በዚያ ክፍተትም ማንም እጁን እንዳያስገባ ይላል። በትልቅ ፊደል፣ በሣጥን ውስጥ የተጻፈ ነው። እዚያ አገር ያለ መካኒክ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። የእኛ ልጅ አላየውም።

መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ዞሬ አጣሁት። የተገኘው ሻርጃ ነው፤ በሰው ሻንጣ ከወር በላይ ቆይቶ መጣ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን ታውቃላችሁ፤ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ምን እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ዋጋው ቢጎዳኝም ይበልጥ ያስጨነቀኝ ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ አለማወቄ ነው። ሣጥኑ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን የማስተያይበት የመለዋወጫ ካታሎግ ግን በእጄ የለም። አምኜ ገዛሁ።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላም መኪናዋ አልተነሣችም። አዲሱ ዕቃ ከኮምፒውተሯ ጋር መተዋወቅ፣ የየጎማው ከፍታም እንደገና መለካትና መመዝገብ አለበት። ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ እንዲኖረው ግዴታ የሆነው ዓይነት ነው። በየጋራዡ ያለው ርካሽ መመርመሪያ እዚያ ሲሰካ የሞተር ብልሽት ያነብባል። የአየር ሲስተሙን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋውን የኤርባግ ኮምፒውተር ለመክፈት ግን የፋብሪካው ፕሮግራም ወይም በደንብ የተሟላ መሣሪያ ያስፈልጋል። እኔን የታደገኝ ላፕቶፕ ይዞ በየጋራዡ የሚዞር ወጣት ነው። ፕሮግራሙን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም። እንግሊዝኛውን ራሱ ተምሮ፣ ስህተቱን ራሱ ከፍሎበት የተማረ ልጅ ነው፤ አደንቀዋለሁ። እሱ ግን "መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ባትሪው ቢደክም ኮምፒውተሯ ሊዘጋ ይችላል፣ ተስማምተሃል?" ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ንብረቴን ሁሉ የጫንኩት እዚያች ላፕቶፕ ላይ ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ስጠብቅ በነበሩት ቀናት ብዙ ሰው አወራኝ። አንዲት እህት የኋላ ፍሬን ሸራ ልታስቀይር ሄዳ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑ በኮምፒውተር ወደ ጥገና ቦታው ካልተመለሰ ሸራው እንደማይገባ መካኒኮቹ አላወቁላትም፤ በክላምፕ ሲጫኑት የፍሬኑ ሞተር ተሰበረ። ሸራ ልትቀይር ሄዳ ሙሉ የፍሬን አካል ገዛች። አንድ ሌላ ሰው አዲስ ባትሪ አስገባ፤ ባትሪው መቀየሩ ለኮምፒውተሩ ስላልተነገረው እንደ አሮጌው እየሞላው በዓመቱ ጨረሰው። ከሁሉ ያሳዘነኝ የናፍጣ መኪና ባለቤቱ ነው። በዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች ማርሚታ ላይ ጥቀርሻውን የሚይዝ ማጣሪያ አለ፤ ከተማ ውስጥ በአጭር ጉዞ ብቻ ሲኬድ ይሞላል፣ መኪናውም ጉልበት ያጣል። ማጣሪያው ከመጠን በላይ ካልተደፈነ በስተቀር መድኃኒቱ በመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚሰጥ አንድ ትዕዛዝ ነው፤ መኪናው ቆሞ እያለ ማጣሪያው ይግልና ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ትዕዛዙን የሚሰጥ መሣሪያ ስላልነበረ ማርሚታውን በግራይንደር ቆረጡት፣ ማጣሪያውን አውጥተው ጣሉት፣ ባዶውን መልሰው በየዱት። መኪናው ጉልበቱን አገኘ። ጭሱ ደግሞ ታክሲ ለሚጠብቀው ሕዝብና ለተማሪዎቹ ደረሰ። ያ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው አልነበረም።

አንዳንድ ወዳጆቼ "ማን ቅንጡ መኪና ግዛ አለህ? ላንድክሩዘር አይከዳህም ነበር" ይሉኛል። ሁለት ላንድክሩዘር ስላለኝ እውነታቸውን ነው፤ አይከዱም። ለምን እንደማይከዱ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። ብረታቸው ጠንካራ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ደሴም፣ ሻሸመኔም፣ ጎባም መካኒክ ስለሚያውቃቸው ነው። አንድ ጊዜ የአንዷ የውኃ ፖምፓ መንገድ ላይ ሄዳብኝ በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ ጉዞ ቀጥያለሁ፤ ዕቃውም ባለሙያውም እዚያው ከተማ ነበርና። መኪና አስተማማኝ የሚባለው ስላልተበላሸ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው በአቅራቢያ ስላለ ነው። ይህን ዕውቀት አገራችን ለላንድክሩዘር በብዙ ዓመት፣ በአባት ለልጅ፣ በመፍታትና በመግጠም አከማችታለች። በኮምፒውተር የተቆለፈ መኪና ግን በመፍታት ብቻ አይታወቅም። ቁልፉን የያዘው ካልሰጠ አርባ ዓመት የሠራ ባለሙያም ደጅ ይቆማል።

ስለዚህ ጥያቄዬን የሀብታም እሮሮ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ እለምናለሁ። በዘመናዊ አውቶቡሶችና በከባድ መኪኖች ላይም የአየር ከረጢት አለ። የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ዛሬ በመካከለኛ መኪኖችም ላይ ይገኛል። ከዚያም በላይ በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። ውሳኔውን አልቃወምም። ግን ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእንግዲህ ዕድሜያቸው ይረዝማል እንጂ በሌላ የነዳጅ መኪና አይተኩም፤ መጠገን አለባቸው። በምትካቸው የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከእኔዋ ይልቅ በኮምፒውተር የታሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ 400 ቮልት አካባቢ የሚሸከም ባትሪ አላቸው። ብርቱካናማ ገመዶቹን ከመንካት በፊት ኃይሉ በልዩ ማቋረጫ መቋረጥ፣ ከዚያም ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ የተወሰኑ ደቂቃዎች መጠበቅ አለበት። ስንት ደቂቃ? ማቋረጫው የት ነው? ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የተጻፈው መመሪያው ላይ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ማስጠንቀቂያቸውን የሚያወጡት በቻይንኛ ነው። የእኔዋ መኪና የልጁን ቆዳ ነው የላጠችው። 400 ቮልት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ይህ በሌላው አገር ሲሠራ የታየ ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ያወጣው የአውቶሞቲቭ ገበያ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ባለንብረቱ ዋስትናው ሳያልቅም በመረጠው ገለልተኛ ጋራዥ መኪናውን ማሠራት እንዲችል፣ ገለልተኛ ጋራዦችም ኦሪጅናል መለዋወጫና የቴክኒክ መረጃ እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። ከእኛው አህጉር ነው፣ ጥቃቅን ጋራዦች ከሞሉበት አገር። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2018/858 አምራቾች የጥገና መረጃን ለገለልተኛ ጋራዦች ያለ አድልዎ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ እዚያ ያለ ባለጋራዥ ወደ ፋብሪካው ድረ ገጽ ገብቶ በሰዓት ወይም በቀን ሒሳብ ከፍሎ የሚፈልገውን ገጽ ያነብባል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 የመጠገን መብትን በሕግ ደንግጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጉ በገመድ አልባ ለሚተላለፈው የመኪና መረጃም እንዲሠራ ከመራጩ ሕዝብ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ደግፎታል። እንግዲህ የመኪናዬ መጽሐፍ አለ፤ በሌላ አገር የተከፈተ ነው። ጋሼ ዘንድ እንዲደርስ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብብ ሰውና የሚጠይቅላቸው መንግሥት ያስፈልጋል።

በአገራችንም መሠረቱ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔ የምጠይቀው ይህ መብት ቁልፍ በመረከብ እንዳያበቃ፣ መኪናዋ እስካለች ድረስ አብሯት እንዲሄድ ነው።

በተለይ አዲስ መኪና በወኪልነት የሚያስገባ ድርጅት ፈቃዱን ሲወስድ የጥገና መመሪያውን፣ የመለዋወጫ ካታሎጉንና የመመርመሪያ ፕሮግራሙን በተመጣጣኝ ዋጋ ለማንኛውም ሕጋዊ ጋራዥ እንዲያቀርብ ግዴታ ይግባ። ወኪል ይክሰር አልልም፤ ይሸጥ፣ ያትርፍበት፣ ግን አይከልክል። የእኔዋን የመሰሉ ያገለገሉ ሆነው የገቡት ግን በወኪል በኩል አልመጡም። ለእነሱ በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማዕከል ይሁኑ፤ ኮሌጁ በፋብሪካዎቹ ድረ ገጽ በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ይመዝገብ፣ ጋራዦች በብር ከፍለው ያስከፍቱ፣ ተማሪዎቹም ከሥራው ይማሩ። ላፕቶፕ ይዞ የሚዞረውም ወጣት እዚያ ገብቶ በሕጋዊ መንገድ ይሥራ፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጠው። መኪና ሊብሬ ሲወጣላት የሻንሲ ቁጥሯ በውጭ አገር የደህንነት ጉድለት ተገኝቶባቸው ለጥገና ከተጠሩት ውስጥ መሆን አለመሆኗ ይታይ። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን በነፃ በድረ ገጻቸው ያሳያሉ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ምንም በጀትና አዋጅ ሳይጠብቅ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። የደህንነት ገጾቹን ብቻ አስተርጉሙልን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፤ መካኒኩ በሚያነብበው ቋንቋ። ለአየር ከረጢት አንድ ገጽ፣ ለኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን አንድ ገጽ፣ ለከፍተኛ ቮልት ባትሪ ሁለት ገጽ።

ጋሼ እናንተን አልጠበቁም። ወንድሜ የላከውን ገጽ እኔ በአፍ ተረጎምኩላቸው፣ ሂሳብ በሚይዙበት ደብተር ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉት፣ ከክሪኩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። "አየር ላይ የምትቀመጥ መኪና ከሆነች ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ድጋፍ ሳይገባ እጅ አይገባም" ይላል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ያ ልጅ እጁ ድኖ ሌላ መኪና ሥር ነበር። ቁልፉ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ሁለት መስመሩ ጠፍቷል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ባለንብረት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ይህን ደብዳቤ አንብበው ከሥራቸው የሚያውቁትን እንዲጨምሩበት፣ ለባለጋራዦችና ለመካኒኮች ሁሉ